ግዳይና አመድ

የሰው ልጅ እሳትን በእጁ ካስገባበት ጊዜ አንሥቶ አደንና እሳት ተለያይተው አያውቁም። አዳኙ የገደለውን በእሳት ጠብሶ በልቷል፤ በእሳት ዙሪያ ተቀምጦ ጀብዱውን አውርቷል፤ ሣሩንም አቃጥሎ አውሬውን ከተሸሸገበት አውጥቷል። ነገር ግን እሳት ሁልጊዜ የአዳኙ አሽከር ሆኖ አይኖርም፤ አንዳንድ ጊዜ ጌታው ይሆናል። ለዓመታት የተመላለሰበትን፣ መንገዱን በጨለማ የሚለየውን፣ ከአባቱ የተረከበውን ጫካ በጥቂት ቀናት ውስጥ አመድ አድርጎ ይተውለታል። ያን ጊዜ አዳኙ ከአመዱ ፊት ቆሞ የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከእንግዲህ የት ላድን?» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ከዚያ በስተጀርባ ያለውን ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመርመር ይሞክራል። ይኸውም፣ እሳት መሸሸጊያውንና መኖውን የነጠቀውን እንስሳ መግደል አደን ነው ወይስ ሌላ ነገር?

«ይህ የአዳኞች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በሀገራችን ግን አደን የሥጋ ማግኛ ዘዴ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የክብር መለኪያ፣ የቃል ሥነ ጥበብም ምንጭ ነበር። አንበሳ ወይም ዝሆን የጣለ ሰው በአደባባይ ይፎክር፣ በግዳዩም ይከበር ነበር። ያ ዘመን አልፏል፤ አውሬውም ተመናምኗል፤ ፉከራው ግን ዛሬም በመድረክ ይሰማል። እንግዲህ ፉከራን የምናስተምር መምህራንም ሆንን በመድረክ የምናቀርብ ከያንያን፣ አንድን ግድያ ለፉከራ የሚያበቃው ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል። በወደቀበት ገደል የሞተ ነብር ያገኘ ሰው ቆዳውን ይገፍፍ ይሆናል እንጂ አይፎክርም፤ ቢፎክርም ይሳቅበታል። ግዳይን ግዳይ የሚያሰኘው የአውሬው መሞት አይደለምና። አውሬው መመከት ወይም ማምለጥ እየቻለ መሸነፉ ነው። ይህን ሚዛን በእጃችን ይዘን ወደ ተቃጠለው ጫካ እንግባ።

እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክና በዙሪያው ባሉት ደኖች ውስጥ ታላቅ ሰደድ እሳት ተነሣ። ወቅቱ ብርቱ ድርቅ የነበረበት ነው። ከፊሉን እሳት መብረቅ፣ ከፊሉን ሰው ለኰሰው፤ ነፋስ ደግሞ አገናኘው። በሺሕ የሚቆጠሩ እሳት አጥፊዎችና ወታደሮች ተሰለፉ፤ ሆኖም እሳቱን በመጨረሻ የገታው በሴፕቴምበር 11 ቀን መውረድ የጀመረው በረዶ ነበር። በፓርኩ ክልል ውስጥ ብቻ 321 ሺሕ ሄክታር ያህል፣ ይኸውም ከጠቅላላው ስፋት 36 በመቶው፣ እሳት ነካው።

የሚያስገርመው የእንስሳቱ ሁኔታ ነው። በፓርኩ ውስጥ ከነበሩት በብዙ አሥር ሺሕ ከሚቆጠሩ ኤልክ ከሚባሉ ታላላቅ አጋዘኖች መካከል በእሳቱ ሞተው የተገኙት 345 ያህል ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ነበልባሉን እያዩ ዞር ብለው ግጠዋል። እውነተኛው ፈተና የመጣው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ድርቁ ሣሩን አሳጥሮታል፤ እሳቱ ከብርዱ ወራት ግጦሽ ከፊሉን በልቶታል፤ ከዚያም ከባድ በረዶ ወረደ። መንጋው የሚበላውን ፍለጋ ከፓርኩ ወሰን አልፎ ወደ ዝቅተኛው የሞንታና ምድር ጎረፈ። በፓርኩ ውስጥ አደን ክልክል ነው፤ ከወሰኑ ውጭ ግን አዳኞች ይጠብቁ ነበር። ከሰሜኑ የኤልክ መንጋ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ በረኀብ፣ በብርድና በጥይት በዚያ አንድ ወቅት አለቀ።

ከሁሉም ይበልጥ ሕሊናን የፈተነው የባይሰን ነገር ነው። ባይሰን የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ጎሽ በፓርኩ ውስጥ ለብዙ ትውልድ ሲጠበቅ ስለኖረ ሰውን አይሸሽም። በዚያ ወቅት ከወሰኑ የወጡት 569 ባይሰኖች ተገደሉ። የዱር አራዊት ጥበቃ ሠራተኞች ፈቃድ ያላቸውን አዳኞች እየመሩ ከእንስሳው አጠገብ ያደርሷቸው ነበር። እንስሳው ቆሞ ያያቸዋል፤ እነሱም ይተኩሳሉ። ትርኢቱን የተመለከተው ሕዝብ ተቃውሞውን አሰማ፤ በ1991 የሞንታና ሕግ አውጪዎች ይህን ዓይነቱን አደን አቆሙት። በኋላ በ2005 በሌላ ሥርዓት እንደገና ተጀምሯል።

እዚህ ላይ ተቃራኒውን ሐሳብ በሚገባ ማድመጥ ግዴታችን ነው፤ ክብደት አለውና። የመጀመሪያው መከራከሪያ እንዲህ ይላል። እንስሳው በረኀብ መሞቱ ካልቀረ፣ ሥጋው በበረዶ ውስጥ ከሚበሰብስ የሰው ቤት ቢመግብ ምን ክፋት አለው? በጥይት መሞትስ ለሳምንታት እየከሱ ከመሞት አይሻልም? ሁለተኛው ደግሞ የከብት አርቢው ድምፅ ነው። ባይሰኖቹ ላምን የሚያስወርደውን ብሩሴሎሲስ የተባለ በሽታ ይዘዋል፤ መንጋዬን ማን ይጠብቅልኝ ይላል። ሁለቱም መከራከሪያዎች ከንቱ አይደሉም። የራበው ቤተሰብ ያለው ሰው ሥጋ ቢወስድ፣ አርቢውም ላሙን ቢከላከል፣ የሚፈርድበት ልበ ደንዳና ብቻ ነው።

ነገር ግን ልብ እንበል። እነዚህ ምክንያቶች ግድያውን ያጸድቁት ይሆናል እንጂ አደን አያደርጉትም። ከሥቃይ መገላገል ምሕረት ነው፤ በሽታን መከላከል ጥንቃቄ ነው፤ ቤተሰብን መመገብ ግዴታ ነው። ሦስቱም ትሕትናን ይጠይቃሉ። ምሕረት ያደረገ ሰው ቀንድ በግድግዳ ላይ አይሰቅልም፤ የተገላገለውን እንስሳ እግሩን ረግጦ ፎቶግራፍ አይነሣም። ጥፋቱ የሚጀምረው አንዱ ሥራ የሌላውን ስም ሲለብስ ነው። እሳትና በረዶ ጨርሰው ያደከሙትን እንስሳ አንድ ሰው ገድሎ «አደንኩ» ሲል የእሳቱን ሥራ ለራሱ ጀግንነት ይቈጥራል። ቃል ሲዋሽ ደግሞ ሥነ ምግባር ተከትሎት ይወድቃል። ከቃል ጋር የምንሠራ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል።

እስከዚህ የተናገርነው እሳቱ ካለፈ በኋላ ስላለው ግዴታ ነው። ከእሳቱ በፊትስ? አዳኙ በተቃጠለ ጫካው ላይ ሲያለቅስ እሳቱን እንደ ጠላት ይረግማል፤ ጨርሶ ባልኖረ ብሎም ይመኛል። አሜሪካ ይህን ምኞት ፖሊሲ አድርጋ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1910 በአይዳሆና በሞንታና ሁለት ቀን ብቻ የፈጀ እሳት 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ደን አቃጥሎ ከ80 ሰው በላይ ከገደለ በኋላ፣ የደን መሥሪያ ቤቱ እሳትን ሁሉ ማጥፋት ዓላማው አደረገ። በ1935 የወጣው መመሪያ ማንኛውም እሳት በታየ ማግሥት እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት በቁጥጥር ሥር እንዲውል ያዝዝ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ቀድሞ ትንንሽ እሳት እየመጣ ሣሩንና ጭራሮውን ያጸዳላቸው በነበሩ ደረቅ የጥድ ደኖች ውስጥ ማገዶ ተከማቸ፤ ኋላ የመጣው እሳትም የከፋ ሆነ። ይህ ለሁሉም ደን እኩል የሚሠራ ሕግ አይደለም። የየሎውስቶን ጥድ ድሮም ቢሆን በየመቶ ዓመታቱ በታላቅ እሳት የሚታደስ ነው፤ በሙጫ የተዘጋው ፍሬው ሙቀት ሲያገኝ ተከፍቶ ዘሩን በአመዱ ላይ ይረጫል። «እሳት አመድ ወለደ» ይላል ያገራችን ሰው፣ ጎበዝ አባት ሰነፍ ልጅ ሲተካ። እዚያ ግን አመዱ ራሱ ወልዷል፤ በማግሥቱ ዓመታት ለኤልክ የሚሆን ለምለም ሣር በቅሏል። በአንጻሩ በብርድ ወራት የአሮጌውን ደን ቅጠል የሚመገበው ሙስ የተባለው ታላቅ አጋዘን መኖው ተቃጥሎበት ተመናምኗል። የኤልክ አዳኙ «እሳት በረከት ነው»፣ የሙስ አዳኙ «እሳት መርገም ነው» ቢሉ ሁለቱም የተናገሩት ስለየራሳቸው ግዳይ እንጂ ስለ ደኑ አይደለም።

ከዚህ የተለየ ትምህርት የምናገኘው ከምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ፣ ማርቱ ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች ነው። የማርቱ ሴቶች በብርዱ ወራት አርጃኖ ሲያድኑ ትንሽ ትንሽ የሣር ቦታ እያቃጠሉ የእንስሳውን ጉድጓድ ይፈልጋሉ። ይህ አሠራር ምድሪቱን የአዲስና የአሮጌ ቃጠሎ ጥልፍ ያደርጋታል፤ ትልቅ እሳት ሲመጣም ቀድሞ በተቃጠለው ቦታ ላይ ማገዶ አጥቶ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦች ከበረሃው ሲወጡ ጥልፉ ተተረተረ። በመብረቅ የሚነሣው እሳት ሰፊ ምድር ይበላ ጀመር፤ በእነሱ አደን ሥር ለሺሕ ዓመታት የኖሩ ትንንሽ እንስሳትም ከአካባቢው ጠፉ። ማርቱዎች በ1980ዎቹ ወደ ምድራቸው መመለስ ጀመሩ፤ በ2002 የመሬት መብታቸው በሕግ ተረጋገጠ፤ በሚያድኑበት ቀበሌ ሁሉ ጥልፉ እንደገና መታየት ጀምሯል። እንግዲህ አዳኙ የሄደበት ምድር ከአደን ዐርፎ ሊለመልም ሲገባው ተራቈተ። ምክንያቱም እነዚህ አዳኞች ከምድሪቱ የሚወስዱ ብቻ አልነበሩም፤ ሳይታክቱ የሚሠሩላትም ነበሩ።

ወደ ራሳችን ተራሮች እንመለስ። በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ተራራውን አልብሶ ይገኛል። በዚህ አስታ ውስጥ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን ይጠለላል። የአውሮፓ ሳይንስ ይህን እንስሳ የመዘገበው በዚያው በ1910 ሲሆን፣ መነሻ የሆኑትም በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ የገደላቸው ናቸው፤ ለአገሬው ሰው ግን ከጥንት የታወቀ ነበር። የአካባቢው አርቢዎች አስታውን ለከብቶቻቸው ለጋ ግጦሽ ሲሉ በየጊዜው ያቃጥሉት ነበር፤ አስታውም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። የቅርብ ጊዜ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ ገና በማቆጥቆጥ ላይ ያለ አስታ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ለእሳት የተመቸው ለብዙ ዓመት ሳይነካ የቆየው ነው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው ታላቅ እሳት ከሀገር አልፎ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያዎችን እስከ ማስመጣት ደርሶ ነበር። የኋላ ኋላ ዝናም ደረሰለት። በባሌ ተራሮች ፓርክ ዙሪያ እንደ ኦዶ ቡሉ ባሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ደግሞ የደጋ አጋዘን ለዓመታት በፈቃድና በክፍያ ሲታደን ኖሯል።

እዚህ ላይ የፍትሕ ጥያቄ ይነሣል። ባሕር ተሻግሮ የመጣው አዳኝ የሚወደው ተራራ ቢቃጠልበት ሌላ ተራራ፣ ሌላ ሀገርም አለው። ገንዘቡን ከፍሎ አላስካ ወይም ታንዛኒያ ይሄዳል። በአስታው ግርጌ ጎጆ ያለው አርቢ ግን የሚሄድበት የለም። ሆኖም እሳት በተነሣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደዚያ አርቢ ነው። በእርግጥ እሳት ከእጁ ያመለጠበት ጊዜ ይኖራል፤ ከተጠያቂነት ነጻ ነው ማለታችን አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ ምድሪቱ ያለውን ዕውቀት ሳይጠይቁት ክብሪቱን ብቻ ነጥቆ መሄድ፣ በማርቱ ምድር የታየውን ስሕተት መድገም ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ድምዳሜ ምንድን ነው? አዳኝ ስለ አንድ ቦታ ሲናገር «የእኔ ጫካ» ይላል። ይህ አነጋገር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው «የምወስድበት» ማለት ነው። ይህ ባለቤትነት ጫካው ሲቃጠል ያበቃል፤ ሰውዬው ሌላ ቦታ ይፈልጋል ወይም ከአመዱ ዳር ቆሞ የሚሸሸውን ይተኩሳል። ሁለተኛው «ዕዳ ያለብኝ» ማለት ነው። ይህኛው ጫካው ሲቃጠል ይጀምራል። የትኛው ምንጭ እንዳልደረቀ፣ የትኛው ሸለቆ እንዳልተነካ፣ ግልገሎቹ በየት እንዳለፉ የሚያውቀው ከማንም በላይ እዚያ ሲያደባ የኖረው አዳኝ ነው። ያ ዕውቀት የተገኘው ከእንስሳው ሞት ነውና፣ ለእንስሳው ሕይወት መዋል ይገባዋል።

ስለሆነም መለኪያችን ቀላል ነው። አዳኙ ከመተኰሱ በፊት «ልመታው እችላለሁን?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ሊያመልጠኝ ይችል ነበርን?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «አይችልም ነበር» ከሆነ ጠመንጃውን ያውርድ፤ ወይም ችግር አስገድዶት ከገደለ በዝምታ ይግደል። ሣሩ ተመልሶ፣ ቁጥቋጦው ጥላ እስኪሆን ያለው ጊዜ እጅን ሰብስቦ የመቀመጫ ጊዜ አይደለም፤ የመጠበቅ፣ የመቁጠርና የማስተማር ጊዜ ነው። አንድ ቀን አጋዘኑ እንደገና ከአስታው ውስጥ ድንገት ተፈትልኮ ሲያመልጠው፣ ያ አዳኝ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያን ዕለት ግን ጫካው እንደዳነ ያውቃል፤ ቢፎክርም የሚስቅበት የለም።