በኒያ ብቻ አማና ይጠበቃልን?



ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ አጎቴን በዘየርኩ ቁጥር ዐይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ በተንጠለጠለው የቆዳ ማኅደር ላይ ነው። ውስጡ አያቴ በዐረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቋንቋ በእጃቸው የጻፉት የመንዙማ ኪታብ አለ። የታተመ ሙስሐፍ ቢያረጅ ሌላ ይገዛል፤ ይህ ግን ሁለተኛ ቅጂ የለውም።

ተማሪ ሳለሁ አንድ የተቀደደ ቅጠሉን በፕላስተር ለጥፌው ነበር። ኒያዬ ጥሩ ነበር። ዛሬ የፕላስተሩ ሙጫ ቡናማ ሆኖ ከሥሩ ያለው ስንኝ አይነበብም። ለመሆኑ በመልካም ኒያ የተሠራ ጥፋት ከተጠያቂነት ያድናልን?

ቀለም ሁሉ አንድ አይደለም። ከጥላሸትና ከሙጫ የተዘጋጀውን ጥቁር ብርሃን አያደበዝዘውም፤ ጠላቱ እርጥበትና ፍትጊያ ነው። ከብረት ጨውና ቆዳ ከሚለፋበት ታኒን የተዘጋጀው ግን አሲድ ስላለው ወረቀቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። በመጨረሻ ፊደሉ ይረግፍና በቅርጹ ልክ ቀዳዳ ይቀራል። ከመዳብ የሚሠራው አረንጓዴም እንዲሁ ይበላል። ከሜርኩሪና ከድኝ የሚሠራው ቀይ ብርሃን ሲበዛበት ሊጠቁር ይችላል።

በአያቴ ኪታብ አንዳንድ ቅጠሎች ላይ በፊደሎቹ ዙሪያ ቡናማ ጥላ አይቻለሁ። ይህ የብረት ቀለም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በዐይን ብቻ ግን አይረጋገጥም። በኬሚካል የተነከረች ቁራጭ ወረቀት በጥቂቱ ረጥባ ፊደሉ ላይ ለአፍታ ስታርፍ ወደ ሮዝ ከተለወጠች ጎጂው ብረት አለ ማለት ነው። ራማን የተባለው ምርመራ ደግሞ የሌዘር ብርሃን አሳርፎ የብዙ ቀለሞችን ምንነት ይለያል፤ አይቆርጥም፣ አይፍቅም።

ይህን ለአጎቴ ባስረዳቸው፣ «ልጄ፣ ኪታቡ አማና ነው። ከቤት የወጣ ኪታብ መች ተመልሶ ያውቃል?» አሉኝ።

ሥጋታቸው ሐቅ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር እዚሁ ወሎ ውስጥ ካለችው መቅደላ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን ወስዷል፤ ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ናቸው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል።

ነገር ግን በሬ በአማና የተቀበለ ሰው በረቱን ቆልፎ ሣር ቢነፍገው፣ «ከሌባ ጠብቄዋለሁ» ማለቱ ያድነዋልን? ኒያ ምንዳ ያስገኝ ይሆናል፤ የጠፋውን ስንኝ ግን አይመልስም። ማወቅ እየቻሉ አለማወቅ ደግሞ ኒያውን ራሱን ጥያቄ ውስጥ ይከታል። አማናን ለባለቤቱ መመለስ የአላህ ትእዛዝ ነው። የኪታቡ ባለቤቶች ደግሞ ያልተወለዱት ልጆቻችንም ናቸው። ባዶ ማኅደር ልንመልስላቸው ነውን?

እንግዲህ መፍትሔው ኪታቡን ወደ ባለሙያው መላክ ሳይሆን ባለሙያውን ወደ ኪታቡ ማምጣት ይመስለኛል። ይህንኑ ለአጎቴ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔ በእጄ ይዤው ከሆነ ይዩት» አሉ። ከዚያም ተነሥተው ማኅደሩን ከጭስና ከፀሐይ አርቀው በሌላኛው ክፍል አኖሩት። ፕላስተሩን ግን አልነካሁትም፤ አሁንስ ሳላውቅ መንካትን ፈርቻለሁ።

ወሏሁ አዕለም።