የሟች ዓይን የማን ነው?

ስሞት የዓይኔ ብሌን ለሌላ ሰው ይሰጥ ብዬ ልፈርም ሳስብ የሚያስቸግረኝ ሕክምናው አይደለም። የምፈርመው እኔ ነኝ፤ ፊርማው ሥራ ላይ የሚውለው ግን ሬሳዬ በሌሎች እጅ ባለበት ሰዓት ነው። ታዲያ ያን ጊዜ ዓይኔ የማን ነው? የእኔ ነው ብል፣ ለመፍቀድም ለመከልከልም አፍ የለኝም። የቤተሰቤ ነው ብል ደግሞ እንደ ርስት ሊካፈሉት፣ እንደ ከብት ሊሸጡት አይችሉም፤ መሸጡን ሕጉም ይከለክላል። ይህን ሳልፈታ ብፈርም ለሰው የሰጠሁት ብሌን ሳይሆን ወረቀት ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

ከጥቅሙ ልጀምር፤ ጥቅሙ ካልጸና ቀሪውን መመርመር ትርፉ ድካም ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያውያን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆናቸውን አሳይቷል። ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው፤ እሱ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል እንጂ የለጋሽ ብሌን አያስፈልገውም። 11.5 በመቶው በትራኮማ፣ 7.8 በመቶው ደግሞ በሌላ ምክንያት ብሌናቸው ጠባሳ የያዘባቸው ናቸው። ለእኛ ለደብረ ታቦርና ለጉና ሰዎች ትራኮማ የሩቅ ወሬ አይደለም። የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፈትገዋል፤ እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ ይነቅሉታል፤ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ሲመለስ ከፊተኛው ይበልጥ ይወጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ብሌኑን ለእነሱ መስጠት ቢመኝ አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ትራኮማ የጎዳው ዓይን ደርቋል፣ ጠባሳው ላይ የደም ሥር በቅሏል፤ የተሰፋለትን ብሌን ይዞ የመቆየት ዕድሉ አነስተኛ ነው። እነዚያ እናቶች የሚያስፈልጋቸው ውሃ፣ መድኃኒትና ቆቡን የሚያቃና ቀዶ ሕክምና ነው፤ በሟች ልገሳ ስም ይህ ሊዘነጋባቸው አይገባም። የእኔ ብሌን የሚጠቅመው ብሌኑ እየሳሳ ወደ ፊት ለሾለበት ወጣት፣ ወይም በአጨዳ ላይ ገለባ ወግቶት ዓይኑ በጠባሳ ለነጣ ገበሬ ነው። የሚጠቅመው ሰው ጠበበ እንጂ ጥቅሙ አልጠፋም።

የሚወሰደውም ነገር ትንሽ ነው። ብሌን የሚባለው ከዓይን ፊት ያለው እንደ መስተዋት የጠራ ሽፋን ሲሆን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሐኪሙ የነጣውን በክብ ምላጭ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጦ ያነሣና የለጋሹን በቦታው አድርጎ ከፀጉር በቀጠነ ክር ዙሪያውን ይሰፋዋል። ብሌን የደም ሥር ስለሌለው እንደ ኩላሊት የደም ዓይነት እስኪገጥም አይጠበቅም። ሥራው አዲስ ነገር አይደለም፤ ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም በአውሮፓ ከተሳካለት ከ1905 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሲሠራበት ኖሯል። በአገራችንም የዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ለመለገስ ቃል ከገቡት አንዱ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሕይወት ያለ ዘመድ ለዘመዱ የሚሰጥበት ነው። ብሌን ግን ሟች ለማያውቀው ሰው የሚተወው ነው፤ ሥጋትም የሚነሣው ከዚህ ነው።

አንደኛው ሥጋት ሐኪም ዓይኔን ፈልጎ ሳልሞት ይተወኛል የሚለው ነው። ይህ ሥጋት ልብ በመሣሪያ እየመታ ሳለ ስለሚወሰዱ የአካል ክፍሎች ቢሆን ረጅም መልስ ያሻው ነበር። ብሌን ግን የሚወሰደው ልብ ከቆመ፣ ትንፋሽ ከተቋረጠ በኋላ ነው፤ ለቀስተኛ ሞተ ብሎ ካለቀሰለት ሰው ነው። ሁለተኛው የሚከብደኝ የትንሣኤ ነገር ነው፦ ዓይን የጎደለው ሬሳ እንዴት ይነሣል? ይህን የሚጠይቁ አባቶችና እናቶች ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ ተፈጭቶ በተራራ ላይ እንደተበተነ እያወቁ በስሙ የሚሳሉ ናቸው። ኅዳር 27 የሚታሰበው ቅዱስ ያዕቆብ አካሉ እየተቆራረጠ ነው የሞተው፤ ጎዶሎ ሆኖ ይነሣል የሚል አንድም ሰው አልሰማሁም። በአፈር ውስጥ የበሰበሰውን ሁሉ የሚያስነሣ አምላክ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሽፋን ይቸግረዋል ማለት ለእኔ እምነትን ማሳነስ ነው። በሙስሊም ወገኖቻችንም ዘንድ በጅዳ የሚገኘው የፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. ልገሳን በቅድመ ሁኔታ ፈቅዷል።

ይህ ሁሉ ተመልሶም ሰዓቱ ይቀራል። ብሌን ከሞት በኋላ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ መነሣት አለበት። እነዚያ ሰዓታት በእኛ አገር ባዶ አይደሉም፤ ገናዥ ይጠራል፣ መርዶ ነጋሪ ይላካል፣ የእድር ጥሩምባ ይነፋል፣ ካህኑ ለፍትሐት ይመጣል። በዚህ መካከል እህቴ «ወንድምሽ ዓይኑን ሰጥቷል» የሚለውን ከማታውቀው ሰው አፍ መጀመሪያ ብትሰማ፣ ብትጮህና ብትከለክል ትክክል እሷ ናት። በደሉን የፈጸምኩት እኔ ነኝ፤ ብቻዬን ቀስ ብዬ ያሰብኩትን እሷ በአንዲት ደቂቃ እንድትወስን ጥያታለሁና። ስለዚህ በእነዚያ ሰዓታት ሬሳው የኀዘንተኛው ነው፤ እኔ ላዝዝ አልችልም፣ አስቀድሜ ልለምን እንጂ።

በደህና ቀን ሞትን ማንሣት ሟርት ነው የሚሉኝ ይኖራሉ። ግን አቡጀዲያቸውን ገዝተው በሳጥን ያስቀመጡ፣ የሚቀበሩበትን ደብር የተናገሩ አዛውንቶች በየቤቱ አሉ፤ ማንም አሟረቱ አይላቸውም። ኑዛዜ የምናውቀው ነገር ነው፤ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ከቀብር በኋላ መሆኑ ነው፤ ብሌን ያን ያህል አይጠብቅም። ስለዚህ በጽሑፍ ትቼ ማለፍ አይበቃኝም። ከወራሼ ይልቅ መጀመሪያ ሬሳዬ አጠገብ ለሚደርሱት መናገር አለብኝ፦ ለእናቴ፣ ለእህቴ፣ ለገናዡ፣ ለንስሐ አባቴና ለእድሩ ሰብሳቢ። የንስሐ አባቴ ብሌኑ ተነሥቶ ቆቡ እንደሚከደን፣ ፊቱም እንደማይበላሽ ቀድመው ካወቁ በለቀስተኛው ፊት የሚናገሩት አንድ ቃል ከእኔ ፊርማ ይበልጣል።

ሌላው የርቀት ነገር ነው፤ ደብረ ታቦር የዓይን ባንኩ ካለበት ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በአቅራቢያው ብሌን የሚያነሣ የሠለጠነ ባለሙያ በሌለበት የጉና ገደል ሥር ብሞት ቃሌ ከንቱ ሊቀር ይችላል። ብሌን ከተነሣ በኋላ ግን በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ መንገዱ ረጅም መሆኑ ብቻውን አያበላሸውም። የሚያስፈልገው በየሆስፒታሉ አንድ ሁለት የሠለጠነ ሰውና ቀዝቃዛ ዕቃ ነው። ቃል የገባ ሰው ሳይኖር ግን ይህን መጠየቅ ለሆስፒታሉ አስተዳደር ባዶ ጥያቄ ይሆንበታል፤ ስለዚህ ቃሉ አስቀድሞ መኖር አለበት እላለሁ።

የቀረችኝ እናቴ ናት። ሰምታኝ፣ የጊዮርጊስንም ነገር አንሥተን፣ በመጨረሻ «ልጄ፣ አልችልም» ብትለኝስ? ብሌኑን የሚጠብቀው ወጣት ያሳዝነኛል። እሱን ለመርዳት እሷን በሬሳዬ ላይ ከማያውቋት ሰዎች ጋር ማታገል ግን አልፈልግም። እምቢታዋን እቀበላለሁ፤ ዳግመኛም በሌላ ቀን እጠይቃታለሁ። የምፈርመውም ከነገርኳት በኋላ ነው እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም።