ጥሬነት እውነተኛነት ነውን?

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ በአማርኛ «በሳል» ሲባል መመስገኑ ነው፤ «ጥሬ» ሲባል ግን መነቀፉ። በምዕራቡ ዓለም የሮክ ሙዚቃ ሐያስያን ዘንድ ነገሩ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ጥሬነት የቅንነት ምስክር፣ መታረም ደግሞ የገበያ ማባበያ ሆኖ ይታያል። ለመሆኑ ያልታረመ ድምፅ ከታረመው ይልቅ እውነተኛ የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

ጥያቄውን አጥብቆ ከሚያስነሡት ሥራዎች አንዱ የእንግሊዙ የባውሃውስ የሙዚቃ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው «ጎ አዌይ ዋይት» የተሰኘ አልበም ነው። በ1978 በኖርዛምፕተን ከተማ የተመሠረተው ቡድን ሞትን፣ ጨለማንና ፍርሃትን ማዕከል ላደረገው የጎቲክ ሮክ ስልት ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዱ ነው። በ1983 ከተበተነ በኋላ ያለ አዲስ አልበም ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ። ከዚያም ፒተር መርፊና ሦስቱ ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ፣ ኦሃይ በተባለች ከተማ፣ በአንድ ክፍል አብረው እየተጫወቱ ይህን ሥራ በ18 ቀናት ቀረጹት፤ አብዛኛውም በመጀመሪያው ሙከራ እንደ ተገኘ ተተወ። የሐያስያኑ አቀባበል ተከፋፈለ። ገሚሱ የድሮውን ጉልበት አገኘሁበት ሲል ገሚሱ ሳያልቅ የወጣ ሥራ ነው አለ።

ሁለቱም ፍርዶች በአመዛኙ የሚመዝኑት አሠራሩን ነው። የቡድኑ የመጀመሪያ ሸክላ፣ ከ9 ደቂቃ በላይ የሚረዝመው «ቤላ ሉጎሲስ ዴድ»፣ በ1979 የተቀረጸው እንዲሁ በአንድ ሙከራ ነበር፤ ቡድኑ ከተመሠረተ ገና ስድስት ሳምንት ያህል ሆኖት ነበር። ያኔ ጥሬነቱ የጀማሪ ዕጣ ነው። የ2008ቱ ግን ምርጫ ነው። ማረም የሚችል ሰው አላርምም ሲል ለተወው እንከን ሁሉ ተጠያቂነትን ይወስዳል። ድኻ ያጣ ለብሶት የሚዞረው ቡትቶና ባለጸጋ መርጦ የለበሰው ቡትቶ አንድ አይደሉም፤ መናኝም መርጦ ቡትቶ ይለብሳልና ሁለተኛውን ሁሉ አስመሳይ ማለት ግን አይቻልም።

እንግዲህ መጠየቅ ያለበት፣ እርማቱ ቢደረግ ኖሮ ምን ይደበቅ ነበር የሚለው ነው። ቡድኑ አልበሙ ከመውጣቱ አስቀድሞ ሥራው የመጨረሻው እንደሚሆንና የሙዚቃ ጉዞም እንደማያደርግ አስታውቆ ነበር። ስለዚህ በዚያ ክፍል የተቀረጸው አራት ሰዎች እርስ በርስ ሲጠባበቁና ሲደማመጡ የሚሰማበት የስንብት ድምፅ ነው። እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ ቀርጾ መገጣጠም መጠባበቁን ያጠፋው ነበር። በዜማው ረገድ ጥሬነቱ ተገቢ ነው። ለግጥሙ ግን ይህ ምክንያት አይሠራም፤ ስንኝ በአንድ ክፍል ስለ ተዘፈነ አይበስልም። ያላረመውን ጽሑፍ «ከልቤ እንደ ወጣ ነው» ብሎ ለመምህሩ የሚያቀርብ ወጣት ገጣሚ በየአገሩ አለ፤ ከልብ መውጣቱ ሐሰት ላይሆን ይችላል፣ ግጥም መሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠም።

ቡድኑ በ2019 እንደገና ተሰባስቦ በ2022 «ድሪንክ ዘ ኒው ዋይን» የተባለ ዘፈን አወጣ። በዚህኛው እያንዳንዱ ድርሻውን የቀረጸው የሌሎቹን ሳይሰማ ነበር። አለመደማመጣቸውንም አልደበቁትም፤ የአሠራሩ ደንብ መሆኑን በይፋ ተናገሩ።