ለአስታማሚነት የሚበቃ ማነው?

በሐይቅ ከተማ የሚያስተምሩ አንድ ወዳጃችን ያቀረቡልን ጥያቄ ይህን እንድንጽፍ አስገድዶናል። ጥያቄው ስለ ሁለት ልጃገረዶች ነው። አንደኛዋ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና መልካም ነጥብ ያገኘች፣ ሐኪም ለመሆን ስትመኝ የኖረች ናት፤ ነገር ግን ለሕክምና ትምህርት ጥቂት ስለ ጎደላት ሳትወድ ወደ ነርስነት ተመደበች። ሁለተኛይቱ ከአምባሰል የመጣች፣ አልጋ ላይ የዋሉ እናቷን እያገላበጠችና እያጠበች ሦስት ዓመት ያስታመመች፣ ነርስ ከመሆን በቀር ሌላ ምኞት ያልነበራት ስትሆን፣ ከማለፊያው ነጥብ በታች ሆና ከደጅ ቀረች። «ለበሽተኛ የምትሻለው የትኛዋ ናት? በሩስ የተዘጋው በማን ላይ ነው?» አሉን መምህሩ።

የመጀመሪያ መልሳችን ፈጣን ነበር፤ ሁለተኛይቱ ናት አልን። ነገር ግን በችኮላ የሚሰጥ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ርኅራኄን እንጂ ፍርድን አይዝምና፣ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባናል።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የነርስነትን ዲግሪ ለመማር የሚሻ ሰው በመጀመሪያ በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ብሔራዊውን ፈተና ተፈትኖ ማለፍ አለበት። ከዚያም የጋራውን ትምህርት ተምሮ፣ የሚወዳቸውን የትምህርት ክፍሎች በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ በውጤቱም መጠን ይደለደላል። በመጨረሻው ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ የሙያ ፈቃድ ለማግኘትም ሌላ የብቃት ፈተና አለ። የመጀመሪያው በር ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ለማወቅ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞችን ማስታወስ ይበቃል፤ ከጠቅላላው ተፈታኝ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የሐይቅና የደሴ ልጆች በዚያው የትምህርት ዘመን፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም.፣ ከተሞቻቸው በጦርነት ተይዘው፣ የደሴው ትልቅ ሆስፒታል እንኳ ተዘርፎ ያዩ ናቸው። ሚዛኑ ግን ለሁሉም አንድ ነበር። ይህ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነውና ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

ፈተናውን የሚያቃልሉ ሰዎች አሉ። «በሽተኛን ለማጉረስና አልጋ ለማንጠፍ ኬሚስትሪ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የነርስን ሥራ ከበር ላይ ያዩ እንጂ ወደ ውስጥ ገብተው የተመለከቱ አይመስሉንም። በተወለደ በጥቂት ቀኑ ደሙ የተመረዘ፣ ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን እናስብ። ሐኪሙ ጄንታማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊ ግራም ሒሳብ አዘዘለት እንበል፤ ለሕፃኑ የሚገባው 15 ሚሊ ግራም ነው ማለት ነው። በነርሷ እጅ ያለው ብልቃጥ ግን በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። ስለዚህ በመርፌው የምትቀዳው ከግማሽ ሚሊ ሊትር በታች፣ 0.4 ያህል ይሆናል። ነጥቧን አንድ ቤት ብታስታት ሕፃኑ የሚወስደው ዐሥር እጥፍ ነው፤ መድኃኒቱም ኩላሊትንና ጆሮን የሚጎዳ ነው። በዚያች ሌሊት ከጎኗ ሐኪም ላይኖር ይችላል። እናቷን በፍቅር ያስታመመችው ልጅ ይህን ሒሳብ ካልቻለች፣ ፍቅሯ ሕፃኑን አያድነውም። ርኅራኄ የዕውቀትን ጉድለት ይሞላል ማለት በበሽተኛው ነፍስ መቆመር ነው።

ነጥብ ሌላም በጎነት አለው፤ ዕውር ነው። የማንን ልጅነት፣ የማንን አገር፣ የማንን ደጅ ጠኚነት አያይም። ከነጥብ ይልቅ በጠባይ እንምረጥ ብንል ጠባይን የሚመዝን ሰው ማስቀመጥ ይኖርብናል። ያም ሰው ዘመድ አለው፤ ወዳጅ አለው፤ ጉዳይም አለው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር፣ ለአምባሰሏ ልጅ ሲባል የተከፈተው በር በመጀመሪያ የሚያስገባው የባለሥልጣንን ልጅ እንዳይሆን እንሠጋለን። ድኻ የሚያሸንፍበት አንድ ዳኛ ቢኖር ስሙን የማያውቀው ዳኛ ነው።

እንግዲህ ፈተናው ይቆይ ብንል ለወዳጃችን መልስ ሰጠን ማለት ነውን? አይደለም። ስለ ሁለተኛይቱ ልጅ መልሰን ይሆናል፤ ስለ አንደኛዋ ግን ገና ምንም አልተናገርንም። ከሁለቱ የሚያሳስበንም የእርሷ ነገር ነው። ሁለተኛይቱ ከደጅ ብትቀርም ምኞቷን ታውቀዋለች፤ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ገብታ ወይም ፈተናውን ደግማ ልትመለስ ትችላለች። አንደኛዋ ግን ነርስ ልትሆን ትፈልግ እንደ ሆነ አጥብቆ የጠየቃት የለም። ቅጹ ላይ አራተኛ ወይም አምስተኛ አድርጋ ጻፈችው፤ ደረሳት። አንድ ቀን የሚያቃስት ሽማግሌ በሌሊት ሲጠራት፣ ያ ሽማግሌ የተሸነፈችበትን ፈተና የሚያስታውሳት ይሆንባታል። ሽማግሌው ምን በደለ?

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1860 ፍሎረንስ ናይቲንጌል በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ስታቋቁም፣ ወደ ትምህርቱ የምትገባው ሴት የመልካም ጠባይ ምስክር እንድታመጣ፣ በመጀመሪያም ለአንድ ወር ተሞክራ እንድትታይ ተደንግጎ ነበር። ኋላ ነርሶች በፈተና እየተመዘኑ በመዝገብ ይጻፉ የሚል አሳብ በተነሣ ጊዜ፣ ነርስን ነርስ የሚያደርገው ነገር በፈተና አይለካም ብላ ተቃወመች። ነገር ግን አሳቧ አልጸናም፤ ካረፈች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1919፣ የመዝገቡ ሕግ በእንግሊዝ ወጣ። የወጣውም በሚገባ ነው እንላለን። ሆኖም ያች የአንድ ወር ሙከራ ከክርክሩ ጋር አብራ የምትጣል አልነበረችም።

ይህን ለመረዳት እስከ ለንደን መሄድ እንኳ ባላስፈለገን ነበር። ወዳጃችን ከሚያስተምሩበት ከተማ አጠገብ፣ በሐይቁ ዳር፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። (ሴት ወደማትገባበት ገዳም ሄደን ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ምሳሌ መፈለጋችን ፈገግ የሚያሰኝ መሆኑን አልዘነጋነውም።) በገዳማችን ሥርዓት መነኩሴ ልሁን ብሎ የመጣ ሰው በዕለቱ ቆብ አይደፋም፤ አመክሮ ይገባል። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ያረጁትንና የታመሙትን አባቶች ይረዳል። አመክሮን ብዙዎች ገዳሙ ሰውየውን የሚፈትንበት ብቻ አድርገው ያዩታል። እኛ ግን ከዚህ የሚበልጠው ፍሬ ነገር ሰውየው ገዳሙን የሚፈትንበት መሆኑ ይመስለናል። ካልሆነለት ገና ስእለት አልተሳለምና ሳያፍር ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ለነርስነት ትምህርት የጎደለን ይህ ነው። ተማሪው የምርጫ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ጥቂት ሳምንት በሕሙማን ክፍል ይዋል፤ ይደር። ደሴ ከሐይቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ በዚያም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት ክፍሎችና ሆስፒታሉ አሉ። ቁስል ሲታጠብ ይይ፤ የሽንት ዕቃ ይድፋ፤ ሰው ሲሞት ይቁም። ማንም ነጥብ አይስጠው፤ ነጥብ ከተሰጠው ደጅ ጥናቱ እዚያም ይከተለዋልና። ዳኛው ራሱ ተማሪው ይሁን። ከዚያ በኋላ ነርስነትን በቅጹ ላይ በየትኛው ቁጥር እንደሚጽፈው እርሱ ያውቃል።

«ይህ ለባለጸጋ የሚሆን ቅንጦት ነው፤ የድኻ ልጅ እንጀራ ያገኘበትን ይማራል እንጂ ምን ምርጫ አለው?» የሚል ይኖራል። ይህ መቃወሚያ ከባድ ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ሙያ ተምረው በ1931 ዓ.ም. ሲመረቁ፣ ሥራውን መርጠውት እንጂ እንጀራ አጥተው አልነበረም። ለእንጀራ ብሎ ነርስ መሆንም ነውር አይደለም፤ ደመወዙን አስቦ የገባ ሰው በሽተኛውን አይወድም ያለ ማን ነው? ነገር ግን እንጀራ ፈላጊውም ቢሆን የሚበላው እንጀራ በምን እንደሚጋገር ቢያይ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። የሚተወው ጥቂት ይሆናል፤ የሚቀረው ዐውቆ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለወዳጃችን ጽፈን ላክንላቸው። የመለሱልን አጭር ነበር። አንደኛዋ ልጅ ለዕረፍት ወደ ሐይቅ መጥታ እንደ ነበር፣ የአምባሰሏም ልጅ ለሚቀጥለው ፈተና ስትዘጋጅ ሒሳብ እንዳስቸገራት ገለጹልን፤ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው፣ አንዷ ስለ ሒሳቡ ሌላዪቱ ስለ በሽተኛ እንዲነጋገሩ አድርገዋል። ምን እንደ ተባባሉ ግን አልጻፉልንም።