ቅሬታ ማቅረብ ኃጢአት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በእኛ በራሳችን ላይ የደረሰውንና እስካሁንም ያላለቀውን አንድ ነገር ልናጫውታችሁ ነው። ነገሩ የሦስት ጣሳ ወተት ነገር ነው። ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ከመካከላችን አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ድረስ ስላልተስማሙበት በየአጥሩ ሥር ከምንነጋገረው በጽሑፍ ማውጣቱ ይሻላል ብለናል።

በ2017 ዓ.ም. ከዳግም ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው ሳምንት እንደ ልማዳችን አቅመ ደካሞችን ለመጠየቅ ገንዘብ አዋጣን። እዚሁ ደሴ ካለ አንድ ሱፐርማርኬት ገብተን ስኳር፣ ሳሙና፣ ብስኩትና ሦስት ጣሳ የሕፃናት ዱቄት ወተት ገዛን። የወተቱ ዋጋ ከሌላው ሱቅ ቀነስ ያለ ስለ ነበረ ደስ አለን፤ «እግዚአብሔር ሲያዘጋጅልን ነው» ያለም ነበር። ዋጋው ለምን እንደ ቀነሰ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ወተቱን የወሰድነው ልጃቸው ሞታባቸው ሕፃን የልጅ ልጃቸውን ለሚያሳድጉ አንዲት እናት ነው። እማማ መርቀው፣ ተነሥተው፣ እስከ በር ድረስ ሸኙን።

ከአሥር ቀን በኋላ እግረ መንገዳችንን ጎራ ስንል ሦስቱም ጣሳዎች ሳይከፈቱ ከአልጋ ሥር ተቀምጠው አየናቸው። ሕፃኑ አጥሚት ይጠጣል። «እማማ፣ ወተቱን ሕፃኑ አልወደደውም እንዴ?» ብለን ጠየቅናቸው። እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ዝም አሉ። የጎረቤት ልጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እርሷ ጣሳውን ገልብጣ ከሥሩ የተጻፈውን አሳየችን። 08/2024 ይላል። ከእኛ አንዱ፣ ያውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «ታዲያ ምን ሆነ? ገና ሰባት ዓመት አለው» ብሎ መለሰላት። ልጅቷም ሳቀችና «በፈረንጅ እኮ ነው» አለችው።

እውነትም በፈረንጅ ነው። የፈረንጆቹ ስምንተኛ ወር 2024 ማለት የእኛ ነሐሴ 2016 ነው። ወተቱን በገዛን ጊዜ ቀኑ ካለፈ ስምንት ወር ሆኖታል። የእነርሱ ቁጥር ከእኛ ከመስከረም ጀምሮ እነርሱ ዘመን እስኪለውጡ ድረስ በ7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን በ8 ይበልጣል። ስለዚህ ጊዜው ያለፈበት ጣሳ ሁሉ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ለሚያነብ ሰው ገና ብዙ ዓመት የቀረው ሆኖ ይታያል። ይህን የሚያውቅ ያውቃል፤ የማያውቀው ግን በገበያው ውስጥ ከሚያውቀው ይበዛል።

እማማ ግን ያውቁ ነበር፤ ልጅቷ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግራቸዋለች። ያውቁም ነበርና ለሕፃኑ አልሰጡም፤ ለእኛም አልነገሩንም። ለምን እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው «ልጆቼ፣ ለእግዚአብሔር ብላችሁ ያመጣችሁትን እኔ እንዴት አድርጌ እነቅፋለሁ? እኔ የስድሳ ስድስትን ክፉ ቀን ያየሁ ሰው ነኝ፤ እህል አይነቀፍም» አሉ።

ይህ ቃል የወሎ ቃል ነው። በ1965 እና በ66፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በረሃብ ወገኑን የቀበረ ሕዝብ ቁራሽ እንጀራ መሬት ላይ ሲወድቅ አንሥቶ ይስማል። እኛም ከእናቶቻችን የወረስነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ይህንን መልካም ልማድ የሚነግድበት ሰው ሲመጣስ? እህል አይነቀፍም ብለን ዝም ስንል ዝምታችን የሚጠቅመው እህሉን ነው ወይስ ያበላሸውን?

በዚያው ዕለት ሌላ ወተት ገዝተን ለእማማ አደረስን። ከዚያ በኋላ ግን ሐሳባችን ተከፋፈለ። አንዳንዶቻችን «ይቅር፣ ፈራጁ እግዚአብሔር ነው፤ ክርስቲያን አያጉረመርምም» አልን። አንዳንዶቻችን የሱቁን ታፔላና ጣሳውን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተን በቴሌግራም እንልቀቀው አልን። በመጨረሻ፣ ማን እንደ ጀመረው ሳይታወቅ፣ ሰባት ሆነን ሱቁ በሰው በተሞላበት ሰዓት ገባን። ባለሱቁ «ደረሰኝ አላችሁ?» አሉን። የለንም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን አሳዩን። «ስትገዙ ዓይን አልነበራችሁም?» አሉ። ከእኛም አንዱ በሰው ሁሉ ፊት «ሌባ!» አላቸው። ወጣን። በመንገድ ላይ እርስ በርሳችን መተያየት አቃተን፤ የወጣነው ወተቱንም ክርስትናውንም ሳናስከብር ነውና።

የባለሱቁን ሃይማኖት አንጽፍም፤ ስለ ሃይማኖታቸውም ልንናገር አልተነሣንም። ነገሩ የሚዛን ነገር ነው፤ ሚዛን ደግሞ በወሎ የሁሉ ነው።

በዚያ ሳምንት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችንን ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ላይ አደረግን። ይህን ምዕራፍ ባልንጀራን እንደ ራስ ስለ መውደድ በሚናገረው ቁጥር 18 ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ግን አናነበውም። እስኪ እናንብበው። በቁጥር 6 እና 7 ላይ የደኅንነት መሥዋዕት ሥጋ በታረደበት ቀንና በማግሥቱ ይበላል፤ እስከ ሦስተኛው ቀን የተረፈው በእሳት ይቃጠላል ይላል። እግዚአብሔር ራሱ ለምግብ ቀን ቆርጦለታል ማለት ነው። ከመሠዊያ የተረፈ ቅዱስ ሥጋ እንኳ ቀኑ ካለፈ «እህል አይነቀፍም» ተብሎ አይበላም። ቁጥር 13 ባልንጀራን መበደልንና መቀማትን ይከለክላል። ቁጥር 14 በዕውር ፊት ዕንቅፋት እንዳናኖር ያዝዛል። እኛ ይህን ቁጥር ስናነብ ትዝ ያለን ጣሳው ነው። ፊደል ለማያውቅ፣ ወይም ፊደል ቢያውቅም የፈረንጅ ዘመን ለማያውቅ ሰው፣ ቀኑ ያለፈበትን ጣሳ በመደርደሪያ ላይ ማቆም በዕውር ፊት ድንጋይ ከማኖር በምን ይለያል? ቁጥር 35 እና 36 ስለ እውነተኛ ሚዛንና መስፈሪያ ይናገራሉ።

ከሁሉ በላይ ያቆመን ግን ቁጥር 17 ነው። በልብህ ወንድምህን አትጥላ ካለ በኋላ ባልንጀራህን ገሥጸው ይላል፤ ይህን ካላደረግህ በእርሱ ምክንያት ኃጢአት ይሆንብሃል የሚል ማስጠንቀቂያም ጨምሮበታል። እንግዲህ ቂም ይዞ ዝም ማለትና ቅሬታን መናገር በሚዛን ሲቀመጡ፣ ኦሪት ኃጢአት ያለችው ዝምታውን ነው። «ክርስቲያን አያጉረመርምም» ላሉት ወንድሞቻችን መልሳችን ይህ ነው፦ ማጉረምረም ሰው በሌለበት ስለ ሰው ማውራት ነው። ፊት ለፊት ሄዶ «ይህን ሸጠህልኛል፣ ልክ አይደለም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ነቢዩ አሞጽም ላም ጠባቂ ሳለ ነው የተጠራው። በምዕራፍ 8 ላይ ሰንበት እስኪያልፍ የሚቸኩሉትን፣ መስፈሪያ አሳንሰው የስንዴውን ግርድ ለድሃ የሚሸጡትን ነጋዴዎች ሲወቅስ አንድም ቃል አላለሳለሰም።

አካሄዱን ደግሞ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 አስተምሮናል፤ አስቀድሞ ብቻህን፣ አልሰማ ቢል አንድ ወይም ሁለት ይዘህ፣ ከዚያ በኋላ ለጉባኤ። እኛ ይህን ገልብጠን ከጉባኤው ጀመርን። በቴሌግራም እንልቀቀው ያልነውም ያው ነበር።

ስለዚህ ከእኛ ሁለት ብቻ፣ ማለዳ ሱቁ ሲከፈት፣ ሄዱ። «ጋሼ፣ ያን ዕለት በሰው ፊት ስላዋረድንዎት ይቅር ይበሉን። የወተቱ ነገር ግን እንዳለ ነው» አሏቸው። ባለሱቁ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ወደ ጓዳ አስገብተው ሁለት ካርቶን አሳዩ፤ ያው ወተት፣ ያው ቀን። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ሱቃቸው ተዘርፎ ባዶውን እንደ ቀረ፣ በብድር መልሰው እንደ ሞሉት፣ ይህንንም ወተት ኮምቦልቻ ያለ አከፋፋይ ጊዜው እየቀረበ ሳለ በቅናሽ እንደ ሰጣቸው ነገሩን። «እኔስ ለማን ነው የምመልሰው?» አሉ። የሁለቱን ጣሳ ገንዘብ በዚያው ሰዓት፣ የሦስተኛውን በሳምንቱ መለሱልን። በመደርደሪያው የቀረውንም እዚያው እያየን አወረዱት። ለእኛ ይህ ሰው ሌባ አልነበሩም። ትክክል ሠሩ ግን አንልም፤ የራሳቸውን ኪሳራ ለሕፃን ሊያሸክሙት ነበርና።

እዚህ ላይ ፍርዳችን እንዳይዛባ አንድ ነገር እንጨምር። በጣሳና በላስቲክ ላይ የሚጻፍ ቀን ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይሻላል የሚል ነው፤ ደረቅ ብስኩት ቀኑ ትንሽ ቢያልፍ ጣዕሙ ይቀንስ እንደ ሆነ እንጂ መርዝ አይሆንም። የሕፃናት ወተት ግን እንደዚህ አይደለም፤ ሕፃኑ ሌላ ምግብ የለውምና በጣሳው ላይ የተጻፈው ቫይታሚን ተሟልቶ የሚገኘው እስከዚያ ቀን ድረስ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ያበጠ ምግብ ደግሞ ቀኑ ባያልፍም አይነካም። ቀኑ የሚጻፈውም ዕቃው በደህና ቦታ ይቀመጣል ተብሎ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በአፋር ሐሩር፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚደርስ ዕቃ በመኪና ላይ ስንት ቀን ፀሐይ እንደ መታው ጣሳው አይናገርም።

የዓለምን ታሪክ ብናይ የወላጆች ቅሬታ ስላልተሰማ የደረሰ ጥፋት አለ። በቻይና ሳንሉ የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው የሕፃናት ወተት ሜላሚን የተባለ ኬሚካል ተቀላቅሎበት ነበር። ወላጆች ለኩባንያው መናገር የጀመሩት በ2000 ዓ.ም. ታኅሣሥ ገደማ ነው፤ ነገሩ በይፋ የወጣው በ2001 ዓ.ም. መባቻ ነው። እስከዚያ 300,000 ያህል ሕፃናት ታመው ነበር፤ 6 ሞተዋል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ መጋቢት 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ለምክር ቤት በላኩት መልእክት ለሸማች አራት መብት ሲቆጥሩ አራተኛው የመሰማት መብት ነበር። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ መሸጥ ከከለከላቸው ተግባሮች ጋር ቆጥሮታል። ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለመጠየቅም መብት ሰጥቷል፤ ነጋዴው ደረሰኝ እንዲቆርጥም አዝዟል። እንግዲያስ በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው «የተሸጠ አይመለስም» የባለሱቁ ምኞት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ደረሰኝ አለመቀበላችን ግን የእኛ ስንፍና ነበር።

አሁን ወደ ተጣላንበት ነገር እንምጣ። ገንዘባችን ተመልሷል። ሆኖም ሁለቱ ካርቶን የት ሄዱ? ባለሱቁ ለአከፋፋዩ እመልሳለሁ ብለው ነበር። ኮምቦልቻ ካምፓስ የሚማሩ አባሎቻችን አከፋፋዩ ዘንድ ሄደው ቢጠይቁ «እናንተ ምን አገባችሁ? ከእኔ አልገዛችሁ» ተብለው ተመለሱ። ባለሱቁንም ደግመን ብንጠይቃቸው «ከእጄ ወጥቷል» ከማለት በቀር አልነገሩንም። ወደ ገጠር ገበያ ወጥቶ ቢሆንስ? እዚያ ጣሳ ገልብጣ የምታነብ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ባትኖርስ? ከእኛ ግማሾቹ «የእኛ ነገር አልቋል፣ የሰው እንጀራ አንዝጋ» ይላሉ። የሚሉት ከርኅራኄ እንደ ሆነ እናውቃለን። እኛ ይህን የምንጽፈው ግን፣ ገንዘቡ ሲመለስ ያለቀው የእኛ ጉዳይ እንጂ የሕፃኑ ጉዳይ አይደለም እንላለን፤ ሕፃኑ ማን እንደ ሆነ ባናውቅም።

ስለዚህ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ጽፈን አስገብተናል፤ የተቀበሉበት ማኅተም ያለበት ግልባጭ በእጃችን ነው። መልስ አልመጣም። በሚመጣው ቅዳሜ አራት ሆነን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ሄደን እንጠይቃለን። አንድ ሰው ለማንም «ሌባ» እንዳይል አስቀድመን ተማምለናል። አብሮን ሊሄድ የሚወድ፣ ወይም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ጣሳውንና ደረሰኙን ያላጣለ ካለ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያግኘን።

ማመልከቻውን ከማስገባታችን በፊት ለእማማ አንብበንላቸው ነበር። ስማቸውን እንደማንጽፍ ነገርናቸው፤ እንዳይቸገሩ ብለን ነው። እስከ መጨረሻው ሰምተው «እኔስ? የእኔ ጣት የት ላይ ነው የሚያርፈው?» አሉ። ቀለም ስላልነበረ ልጅቷ እስክሪብቶዋን ሰብራ አውራ ጣታቸውን ቀባችላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።