የተሰረዘ ዓመት



ባለፈው ዓርብ ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ አንዷ እህታችን ታለቅስ ነበር። ኮንትራቷ ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው ወደ መክተብ መለሷት። «ሃያ ወር ሙሉ ለፍቼ አሁን እንዳልሰራሁ ተቆጠረ፤ ታዲያ ምን ነበር የሰራሁት?» አለች። ሁላችንም አይዞሽ አልናት እንጂ ለጥያቄዋ የመለሰላት ሰው የለም። እኔም ዝም አልኩ። ቤት ገብቼ እቃ ሳጥብ ግን ጥያቄው አልለቅ አለኝ። በመሃል የተቋረጠ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል ወይ? እስቲ ከወንድሜ ኳስ ልጀምርላችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ኳስ ተጫዋች ነበር። በቴሌቪዥን የምታዩዋቸው ዓይነት ግን አይደለም። በሀገራችን ከፕሪምየር ሊጉ በታች ከፍተኛ ሊግ አለ፣ ከሱ በታች ደግሞ አንደኛ ሊግ የሚባል አለ። ስሙ አንደኛ ይሁን እንጂ በደረጃ ሶስተኛ ነው! ወንድሜ የሚጫወተው ከፍተኛ ሊግ ውስጥ ነበር። ሜዳው ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲደርቅ አቧራ ነው። ለአንድ ጨዋታ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘው፣ ተጫውተው፣ በማግስቱ ይመለሳሉ። እኔ ከዚህ ከሙስካት በመጀመሪያ ደሞዜ ታኬታ እንዲገዛ ብር ላኩለት። ተስፋችን ትልቅ ነበር። ፋሲል ከነማ በ2008 ዓ.ም. ከዚሁ ከከፍተኛ ሊግ ነው ወደ ፕሪምየር ሊግ ያደገው። ወንድሜም «እነሱ ከእኛው ሊግ ወጥተው የለ፣ እኛስ ምን ይጎድለናል?» ይለኝ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ቡድናቸው በምድቡ አንደኛ ሆነ። ወንድሜ ስድስት ጎል አግብቷል። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ውድድሩ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የዓመቱን ውድድር በሙሉ ሰረዘ። በፕሪምየር ሊጉ ዋንጫ የሚወስድ የለም፣ የሚወርድ የለም፣ ከታችም የሚያድግ የለም ተባለ። ወንድሜ ስልክ ደውሎ «አንድም ጨዋታ እንዳልተጫወትን ተቆጠረ» አለኝ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በዚያው ሰሞን እኔ አል ኹወይር አንዲት አሮጊት አስታምም ነበር። በሚያዝያ ወር የሙስካት መግቢያ መውጫ ተዘግቶ ስለነበር ልጆቻቸው እንደልብ አይመጡም። የማበላቸው እኔ፣ የማጥባቸው እኔ፣ ሌሊት የምገለብጣቸው እኔ ነበርኩ። አማርኛ አያውቁም፣ እኔም ያኔ ዓረብኛዬ ገና ነበር፤ በእጅና በዓይን ነበር የምንግባባው። ግንቦት መጨረሻ ላይ አረፉ። በሳምንቱ «ስራ የለም» ተብዬ ወደ መክተብ ተመለስኩ። አስራ አራት ወር ሰርቻለሁ፣ የሶስት ወር ደሞዜ አልተከፈለኝም። ስጠይቅ «ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ነው፣ አልጨረስሽም፤ የቀረው ለወጪ ይያዛል» ተባልኩ። አዲስ ቤት፣ አዲስ ኮንትራት፣ እንደገና ከዜሮ። ወንድሜና እኔ በአንድ ሰሞን ተሰረዝን ማለት ነው።

ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። መሰረዝ ሁሉ ግፍ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቆይቼ ግን ስለ ሌሎች ሀገሮች በስልኬ ሳነብ ነገሩ እንዳሰብኩት ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም።

ስኮትላንድን ውሰዱ። ከእንግሊዝ በላይ ያለች ሀገር ናት፤ 42 ክለቦቿ በአራት እርከን ይጫወታሉ። እነሱ አልሰረዙም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ክለቦቹ ድምፅ ሰጡና የታችኞቹ ሶስት እርከኖች ባሉበት እንዲያልቁ ተወሰነ። የእያንዳንዱ ቡድን ነጥብ ለተጫወተው ጨዋታ ተካፍሎ ደረጃ ወጣ። በሶስተኛው እርከን ሬይዝ ሮቨርስ ፎልከርክን በአንድ ነጥብ ይበልጥ ስለነበር ዋንጫውን ወሰደ። የተለፋው ተቆጠረ፤ ወንድሜ የሚመኘው ይህንን ነበር።

ግን ደግሞ ፓርቲክ ቲስል የሚባል የግላስጎ ክለብ አለ። በሁለተኛው እርከን መጨረሻ ላይ ነበር። ከበላዩ ካለው ቡድን የሚያንሰው በሁለት ነጥብ ብቻ ነው፣ አንድ ጨዋታ ይጎድለዋል፣ በጠቅላላው ደግሞ ዘጠኝ ጨዋታ ይቀረዋል። ሊተርፍ ይችል ነበር። ሳይጫወት ወረደ ተባለ። ከላይኛው ሊግ እንዲወርድ ከተደረገው ከሃርትስ ጋር ሆኖ ቢከራከርም አልተሳካለትም። አያችሁ፣ የተሰራውን ቁጠሩ ማለትም የሚጎዳው ሰው አለው። ገና ያልሰራው፣ ሊሰራው የሚችለው ነገር የሚወሰድበት ሰው አለ። (በሚቀጥለው ዓመት ፓርቲክ ቲስል የሶስተኛውን እርከን ዋንጫ በልቶ ተመልሷል፣ ጎበዝ!)

የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ደግሞ ጠብቆ በሐምሌ ወር ባዶ ስታዲየም ውስጥ ጨረሰ፤ ሊቨርፑልም ከ30 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሳ። ከሁሉ የሚሻለው ይኸ ነው ትሉ ይሆናል። እኔም እላለሁ። ግን ለመጠበቅም ገንዘብ ያስፈልጋል። ያለው ይጠብቃል፣ የሌለው ይሰረዛል። በእንግሊዝም ቢሆን በታችኛው ደረጃ ያሉ ብዙ ትናንሽ ሊጎች ውጤታቸው ተሰርዟል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። በዓለም ላይ የምንሰራው ስራ ሶስት ዓይነት ዋጋ ያለው ይመስለኛል።

አንደኛው ሲያልቅ የሚሰጥ ነው። ዋንጫ እንዲህ ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጫውቶ ካልጨረሰ ማን እንደበለጠ በእርግጥ አይታወቅም። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ «ዘንድሮ ዋንጫ የለም» ሲል ወንድሜን ቢያሳዝነውም ግፍ ነው ለማለት አሁን እቸገራለሁ። እኛም ጋ እንዲህ ዓይነት ነገር አለ። ኮንትራቷን ለጨረሰች ልጅ ማዳም ወርቅ እሰጥሻለሁ ብላ ከሆነና ልጅቷ በራሷ ፈቃድ በመሃል ከሄደች፣ ወርቁ ቢቀርባት ትከፋለች እንጂ ተዘረፍኩ አትልም።

ሁለተኛው በየቀኑ የሚቆረጥ ዋጋ ነው። ደሞዝ ዋንጫ አይደለም። ደሞዝ ስለጨረስሽ የሚሰጥሽ ሽልማት ሳይሆን ዛሬ ስለሰራሽ የዛሬ ድርሻሽ ነው። የሰኞ ስራ ሰኞ ማታ አልቋል። የወንድሜ ክለብም የመጋቢትን ደሞዝ «ውድድሩ ተሰርዟል» ብሎ አስቀርቶባቸው ነበር። ወንድሜ ያኔ ያለውን አልረሳውም፦ «ዋንጫው የማንም አልነበረም፣ ይቅር። ልምምድ የወጣሁበት ቀን ግን የኔ ነበር።» እኔንም ያታለሉኝ እዚህ ጋ ነው። በየቀኑ ያገኘሁትን እንደ ዋንጫ አድርገው «አልጨረስሽምና የለሽም» አሉኝ። እህቶቼ፣ ይህንን ለይታችሁ እወቁ። ዋንጫ ቢሰረዝ ሊያከራክር ይችላል፣ የተሰራበትን ቀን መሰረዝ ግን ሌላ ስም የለውም፣ ስርቆት ነው።

ሶስተኛው ደግሞ ማንም የማይከፍለው፣ ማንም የማይሰርዘው ነው። አሮጊቷ በመጨረሻዋ ሳምንት ሾርባ ሳጎርሳቸው እጄን ያዙት። ያ ሾርባ ተበልቷል። ያቺ ሌሊት በንጹህ አንሶላ ተኝተዋል። የትኛው መክተብ፣ በየትኛው ማህተም ነው ይህንን አልሆነም የሚለው? ወንድሜ ጎል ያገባ ጊዜ አጥር ላይ ተንጠልጥለው የጨፈሩት ልጆች ጨፍረዋል፣ አለቀ። ሰንጠረዡ ላይ ባይኖርም ሆኗል። ስለዚህ ያቺን እህታችንን «ምን ነበር የሰራሁት?» ስትል፣ ያሳደግሻቸውን ሁለት ሕፃናት እያቸው እላታለሁ። መራመድ የተማሩት አንቺን ይዘው ነው፣ ተመልሰው አይድሁም።

ግን አደራ! ይህ ሶስተኛው ማጽናኛ ሁለተኛውን እንዳያስረሳን። ሰዎች «አንቺ እኮ እንደ ልጃችን ነሽ» እያሉ ደሞዝ ሲያስቀሩ አይተናል። ፍቅሩን በደሞዝ አልለካውም፣ ደሞዙንም በፍቅር አላጣፋም። ሁለቱ የተለያየ ደብተር ናቸው። እናቶቻችን ዝም አይነቅዝም ብለው አሳድገውናል፤ ደሞዝ ላይ ግን ዝም ሲባል የሚነቅዘው ገንዘባችን ነው።

ደብተር ካልኩ አይቀር፣ ወንድሜ የሚጽፍበት አንድ የተማሪ ደብተር አለው። የእያንዳንዱን ጨዋታ ቀን፣ ከማን ጋር እንደሆነ፣ ስንት ለስንት እንዳለቀ፣ ጎል ካገባ በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ጽፎበታል። የ2012 ገጽም አለ፣ ስድስቱም ጎሎች አሉ። ከዚያ በኋላ ኳስ ትቶ አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ያሰለጥናል። «ይህንን ማንም አልሰረዘውም» ብሎ ባለፈው በቪዲዮ አሳየኝ። እኔ ግን ወደ መክተብ በተመለስኩ ጊዜ የማሳየው አንዲት ወረቀት አልነበረኝም። ስንት ወር እንደተከፈለኝ እንኳን በአፍ ነበር የምከራከረው። እነሱ ወረቀት ነበራቸው፣ እኔ እንባ ብቻ።

አሁን የምሰራው ሲብ አካባቢ ነው። ትራሴ ስር አንድ ደብተር አለ። የገባሁበት ቀን፣ ደሞዝ የተቀበልኩበት ቀን፣ ስንት ሪያል፣ ወደ ቤት የላክሁበት ደረሰኝ፣ ያረፍኩበት ዓርብ፣ ያላረፍኩበት ዓርብ ሁሉ አለበት። በየወሩ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ እልካለሁ፣ ደብተሩ ቢወሰድብኝ ፎቶው ይቀራል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ለመክተብ የማይታይ ነገር እጽፋለሁ፦ ዛሬ ትንሿ ልጅ ትኩሳቷ ወረደ፣ ዛሬ አባቷ እጅሽ ይባረክ አሉኝ።

ያቺ እህታችን ለዚህ ዓርብ እንደምትመጣ ነግራኛለች። ሃያውን ወር አንድ በአንድ ቁጭ ብለን እንጽፋለን፤ የሷን መክተብ የምታውቁ፣ ዓረብኛ መጻፍ የምትችሉ እህቶች ካላችሁ ቀደም ብላችሁ ኑ። እስክሪብቶ እኔ አመጣለሁ።

እህታችሁ፣ ከሲብ