የአልሴዶ ፍየሎች

ወደ ጋላፓጎስ የምንሄድበትን መርከብ ልመርጥ ተቀመጥኩ እንጂ ስለ ኃጢአት ላስብ አልነበረም። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው ከፔንግዊንና ከባሕር ኤሊ ጋር መዋኘት ነው። ባለቤቴ ዋና አይችልም፤ እኔም ውሃን የማውቀው በልጅነቴ ደባርቅ ምንጭ ወርጄ በእንስራ ስቀዳ ነው። ቢሆንም ለልጅ ነውና እሺ አልን።

እስከ 100 ሰው የሚጭኑ መርከቦች አሉ። እኛ የያዝነው 16 ሰው የሚይዘውን ነው። ደንቡ ለ16 ጎብኚ አንድ አስጎብኚ ስለሚል በትንሹ መርከብ ሁሉም አብሮ ወርዶ አብሮ ይመለሳል። መስመሩ የኢሳቤላን ደሴት በምዕራብ ዞሮ ፈርናንዲና የሚደርሰው ነው። እሳቱ እዚያ ገና አልበረደም፤ የፈርናንዲናው ላ ኩምብሬ በ2024 እንኳ ፈንድቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ወሩ ነሐሴ ነው። ያን ጊዜ ባሕሩ ይቀዘቅዛል፤ በስኖርክል እየተነፈሱ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ ለመንሳፈፍ ወፍራም የላስቲክ ልብስ ያስፈልጋል። ግን ዓሣውን የሚያበዛው ይኸው ቅዝቃዜ ነው፣ ፔንግዊኑም ዓሣውን ይከተላል። ጾመ ፍልሰታ ላይ ይውላል። የጾም ምግብ ምን እንደሆነ በዝርዝር ብጽፍላቸው የመርከቡ ሰዎች «ቪጋን» ብለው በአንድ ቃል ገላገሉኝ። በጾም ሽርሽር ይሄዳል ወይ ለሚለኝ መልስ አለኝ፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

ያላሰብኩት ነገር የመጣው ስለ ኢሳቤላ ሳነብ ነው። ደሴቲቱ ላይ አልሴዶ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ፤ በአፋፉና በጉድጓዱ የሚኖር ግዙፍ የየብስ ኤሊ አለ። ዝናብ በማይጥልበት ወራት ጉሙ ዛፎቹ ላይ ያርፋል፣ ከቅጠሉ ይንጠባጠባል፣ ከሥር ኩሬ ይሆናል፤ ኤሊዎቹ ያንን ይጠጣሉ። የሰው ልጅ ያመጣቸው ፍየሎች ግን በ1970ዎቹ ከደሴቲቱ ደቡብ ተነሥተው፣ ሣር የማያበቅለውን የደረቀ የእሳት ድንጋይ ተሻግረው፣ ወደ ሰሜኑ ክፍል ገቡ። ፍየል ምን እንደምታደርግ ፍየል ላረባ ሰው አይነገርም። ቅጠሉን ጨርሳ ልጡን ትልጣለች። ዛፉ ሲደርቅ ጉሙ የሚያርፍበት አጣ፤ ኩሬውም ደረቀ።

ከዚያ በ1997 ትልቅ ዘመቻ ተጀመረ፤ እስከ 2006 ዘለቀ። በኢሳቤላ ሰሜንና በሳንቲያጎ ደሴት ከ140,000 በላይ ፍየል ተገደለ። በእግርም፣ በሠለጠነ ውሻም፣ ከሄሊኮፕተር ላይ በጠመንጃም። ሬሳው በአመዛኙ በወደቀበት ቀረ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ከግድያው ይልቅ ያንገበገባት ይኸኛው ነው፤ ሥጋው ሳይበላ መቅረቱ። «ይህን ሁሉ ደም አፍስሶ ለማን?» አለች። ለኤሊ አልኳት። ዝም አለች፤ የእሷን ዝምታ ስለማውቅ ወሬ ቀየርኩ።

ዘመቻው ሊያልቅ ሲል ጥቂት ፍየሎች በየገደሉ ተደብቀው ቀሩ። ሰው ሊያገኛቸው ስላልቻለ ሌሎች ፍየሎች በሕይወት ተይዘው አንገታቸው ላይ የሬዲዮ ማሰሪያ ታሰረላቸውና ተለቀቁ። ፍየል ብቻዋን መኖር አትወድም። ወገኖቿን ፈልጋ ታገኛለች፤ አዳኞቹ በሬዲዮው ተከትለው ይደርሱና ከእሷ በቀር ሁሉንም ይገድላሉ፤ እሷን እንደገና ትፈልግ ዘንድ ይተዉአታል። ስም አወጡላት፤ የይሁዳ ፍየል።

እዚህ ላይ ነው መጽሐፉን ያጠፍኩት። ይሁዳ ያደረገውን ያውቅ ነበር፤ ሠላሳውንም ብር ቆጥሮ ተቀብሏል። ይህች ፍየል ምን አወቀች? ብቸኝነት አስጨንቋት ዘመድ ፍለጋ ሄደች።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ኪዳን አድርሰን ስንወጣ ነው፤ ቸኩለው ነበር። «አባታችን፣ አንድን የእግዚአብሔር ፍጥረት ለማዳን ሌላውን መፍጀት ይገባል ወይ?» አልኳቸው፤ ታሪኩንም ነገርኳቸው። «ፍየሏ ምን አጠፋች፣ ልጄ?» አሉ መጀመሪያ። ጥቂት ቆዩና «ኤሊውስ ምን አጠፋ?» አሉ። ከዚያ ክርስትና የሚያስነሣ ቤተሰብ ጠራቸውና ሄዱ። እንግዲህ የቀረውን ብቻዬን ማሰብ ሆነብኝ።

ሰው በምድር ፍጥረት ላይ መሰልጠኑ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይቆማል። እኔን የሚከብደኝ ግን የመዝሙረኛው ነገር ነው፤ በ103ኛው መዝሙር ረጃጅሙ ተራራ ለዋልያ፣ ዓለቱ ለሽኮኮ መጠጊያ እንዲሆን እየለየ የሚሰጥ ፈጣሪ አለ። ለእያንዳንዱ ቦታ ተሰጥቶታል ማለት ነው። ታዲያ የፍየል ቦታ አልሴዶ አልነበረም፣ ትውጣ ብሎ መጨረስ ቀላል ይመስላል።

ቀላል አይደለም፤ በተለይ ለእኛ። ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን በኋላ ደረሰ እየተባለ ሰው ከቤቱ የተነቀለበት፣ የሞተበት አገር ልጅ ነኝ እኔ። ቨርጂንያ የምኖረውም እንግዳ ሆኜ ነው። ፍጥረትን በመምጫ ቀኑ እየለየ የሚያኖርና የሚገድል ሃይማኖት ካለ እኔ የለሁበትም። ደግሞም ነገሩ በራሱ አይቆምም፤ ጋላፓጎስ ከባሕር ሥር በእሳት የተወለደ ምድር ነው። ከአህጉሩ ጋር ተያይዞ አያውቅም። ኤሊዎቹም ራሳቸው ከደቡብ አሜሪካ በባሕር ተንሳፍፈው የመጡ ናቸው፤ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ይሁን እንጂ መጥተዋል። እዚያ ዓለት ላይ ሳይመጣ የተገኘ ማንም የለም።

ስለዚህ ክርክሩ የቀዳሚነት መሆን የለበትም። እኔ የምቀበለው አንድ ነገር ነው፤ ፍየል ዓለምን ሞልታለች፣ የአልሴዶ ኤሊ ግን ከአልሴዶ ሌላ መኖሪያ የለውም። እሱ እዚያ ካለቀ አለቀ። ፒንታ በምትባለው ደሴት የሆነውን እዩ። በ1959፣ ጋላፓጎስ ብሔራዊ ፓርክ በሆነበት በዚያው ዓመት፣ ዓሣ አጥማጆች ለሥጋ ብለው ሦስት ፍየሎች ፒንታ ላይ ለቀቁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍየሉ ወደ 40,000 ደርሶ ነበር። በ1971 ደሴቲቱ ላይ አንድ ወንድ ኤሊ ተገኘ፤ ብቸኛው ጆርጅ አሉት። ከወገኑ የምትሆን ሴት ተፈልጋ ጠፋች። በ2012 ሞተ፤ ከእሱም ጋር ያ ዘር አከተመ። ኖኅ መርከቡን የሠራው ዘር እንዳይጠፋ እንጂ ሁሉም ነፍስ እንዳይሞት አይደለም፤ ከውጭ ስንቱ እንደቀረ እናውቃለን። ቅዱስ መጽሐፉ ይህን ሳይደብቅ ይነግረናል።

ግን ይህ ሐሳቤ አገሬ ደባርቅ ሲደርስ ያነክሳል። ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ጋላፓጎስ፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች በአንድ ዝርዝር ላይ ነበሩ። ሰሜን በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ። ዋልያው ተመናምኗል፣ ግጦሹ አልቋል፣ ከቤት ፍየል ጋር እንዳይዳቀል ያሰጋል ተባለ። በ2016 በተራሮቹ ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሰው ተነሥቶ ወደ ደባርቅ ወረደ፤ በማግሥቱ ዓመት ሰሜን ከመዝገቡ ተሰረዘ። ልጅ ሳለሁ ከግጭ ገብስ ጭነው ገበያ የሚወርዱትን ሰዎች አውቃለሁ፤ ጋቢያቸው ጭስ ጭስ ይል ነበር። ዋልያ ሌላ አገር የለውም፤ እውነት ነው። የግጭም ሰው ሌላ ግጭ የለውም። በራሴ ሚዛን ልፍረድ ብል ለዋልያው መፍረድ አለብኝ፤ አፌ ግን እሺ አይለኝም። ሰውን ከፍየል የሚለየው ቢያንስ መጠየቁ፣ እምቢም ማለት መቻሉ ነው፤ ሳይጠየቅ ወይም ሳይደመጥ ከተነሣ ልዩነቱ የት አለ? ይህን አልፈታሁትም።

ስለ አልሴዶ ግን ፍርዴን ልስጥ። ፍየሎቹ መወገድ ነበረባቸው። ገዳዮቹን አልኮንንም፤ የይሁዳን ስም ግን ለፍየሏ ባላወጡላት። በኦሪት ዘሌዋውያን በስርየት ቀን ሁለት ፍየሎች ይቀርባሉ፤ አንዱ ይታረዳል፣ በአንዱ ራስ ላይ የሕዝቡ ኃጢአት ተናዝዞ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። እዚያ ፍየሉ ኃጢአተኛ አይባልም። የሰው ኃጢአት እንደተሸከመ ሁሉም ያውቃል፤ የተናዘዘውም ሰው በራሱ አፍ ነው። በአልሴዶ ፍየሉ ዕዳውን ተሸከመ፤ ከሃዲ የሚለውንም ስም ደረብንበት፤ የተናዘዘ ግን አልሰማሁም። ፍየል በመርከብ ቀዝፋ አልመጣችም። ሥጋ አማረኝ ያለ መርከበኛ ለመልስ ጉዞው ስንቅ እንድትሆነው አወረዳት፤ ያው መርከበኛ ኤሊውንም ያለ ምግብ ወራት ስለሚቆይ በሕይወቱ እየጫነ ወሰደ።

ይህ ነገር ከእኔም ይደርሳል፤ እኔም ጎብኚ ነኝና። የመጀመሪያው በስም የሚታወቀው ጎብኚ የፓናማው ጳጳስ ቶማስ ዴ ቤርላንጋ ናቸው፤ በ1535 ወደ ፔሩ ሲሄዱ ነፋስ ጠፍቶ የባሕሩ ጅረት ወደዚያ ወሰዳቸው። ውሃ ፈልገው አጥተው ቁልቋል ጨምቀው ጠጡ፤ ቅዳሴም አድርሰዋል። ለንጉሡ በላኩት ደብዳቤ ምድሪቱን እግዚአብሔር ድንጋይ ያዘነበባት አስመስለው ጻፉ፤ ወፎቹም ከሰው የማይሸሹ ሞኞች ናቸው አሉ። ወፎቹ ዛሬም አይሸሹም። ለዚህ ነው ደንቡ ከእንስሳ 2 ሜትር ራቁ፣ አትንኩ፣ አትመግቡ የሚለው፤ የማይሸሽን ፍጥረት መጠንቀቅ የሰውየው ፋንታ ነው። ልጄ ደንቡን አንብቦ «እማዬ፣ የባሕር አንበሳው ራሱ ቢነካኝስ?» አለኝ። እሱ ደንቡን አልፈረመም አልኩት።

ለፓርኩ መግቢያ በነፍስ ወከፍ 200 ዶላር እንከፍላለን። ብዙ ነው ብዬ አላጉረመርምም። ከመብረራችን በፊት ሻንጣችን ይፈተሻል፤ ዘር፣ ትኩስ ፍሬ፣ አፈር የያዘ ጫማ እንዳይገባ። እናንተም የምትሄዱ ካላችሁ አደራ፣ ጥሬውን ቡናና ጤና አዳሙን ቤት አስቀምጡ፣ ጫማችሁን እስከ ሶሉ እጠቡ፣ የሱሪያችሁን ኪስ ገልብጣችሁ አራግፉ። ፒንታ ላይ የወረዱት ፍየሎች ሦስት ብቻ ነበሩ።